ጠገራ ብርና የገበሬው ሒሳብ

ጠገራ ብር በኦስትሪያ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ መልክ የተመታ መገበያያ ሲሆን፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ የኢትዮጵያ ዶላር በአዋጅ እስከ ወጣበት እስከ 1937 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ዋና ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። መጀመሪያ የተመታው በ1741 እ.ኤ.አ. ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ የተሠራው ሁሉ፣ በየትኛውም ዘመን ቢመታ፣ 1780 የሚለውን ቁጥር ይዞ ይወጣል። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ጥሩ ብር፣ አንዱ መዳብ ነው። ይህ መጠን ከዘመን ዘመን አልተነካም። ቪየና ውስጥ የነገሡት ቢለዋወጡም፣ መንግሥታት ቢወድቁም፣ ያው መልክ፣ ያው ዓመት፣ ያው ክብደት ነበር። ገንዘቡ ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ የተወደደበት ምክንያት ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ኢትዮጵያ ከጠገራ ብር በፊት ገንዘብ ሳታውቅ የኖረች አገር አይደለችም። የአክሱም ነገሥታት፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ከ3ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንሥቶ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ይመቱ ነበር፤ ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ከገንዘቡ ላይ የጨረቃውን ምልክት አንሥቶ መስቀል አደረገበት። ሥራው በ7ኛው መቶ ዓመት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሺህ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ፣ የሐረር አሚሮች ከሚመቱት ጥቃቅን ማህለቅ በቀር፣ በአገሪቱ ገንዘብ የሚሠራ መንግሥት አልነበረም። በዚህ ሁሉ ዘመን ገበያውን የያዘው አሞሌ ጨው ነው።

አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ በረሃ፣ ከአሳሌ የጨው ሜዳ፣ እየተፈነቀለና እየተጠረበ ይወጣል። አንዱ አንድ ስንዝር ያህል ይረዝማል። በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣና ከዚያ በየገበያው እየተዛወረ እስከ ጎጃም፣ ሸዋ፣ ጅማና ከፋ ይደርስ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲቀመጥ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሠራ አይቷል፤ ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየከበደ መሄዱንም መዝግቧል። ነጋዴው የሚያተርፈው ከዚሁ ርቀት ነበር። አሞሌ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ የተሰበረው ዋጋው ይቀንሳል፣ ዝናብ ያገኘው ይሟሟል። በረሃው በሙቀት በማይቀመስበት ወራት ጨው አውጪው ስለሚቀንስ ደጋ ላይ አሞሌ ይወደዳል፤ መንገዱ በሽፍታ ሲዘጋም እንደዚያው። እንዲህም ሆኖ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ቢቸግር ይበላል።

በዚያ ዘመን ግብርም በአብዛኛው የሚከፈለው በዓይነት ነው። ገባሩ እህል፣ ማር፣ ከብት፣ የጥጥ ልብስ ያስገባል፤ ወርቅ ባለበት በምዕራቡ አገር ወርቅ ይገብራል። ከዚህ ሌላ የሁዳድ እርሻ ያርሳል፣ ለመንግሥት እንግዳ ድርጎ ያቀርባል፣ ዘማች ወታደር ቤቱ ሲመራ ያበላል። ብር የሚፈለገው በመጀመሪያ ከነጋዴው ነበር። በየኬላው ቀረጥ የሚቀበሉት ሹማምንት፣ በላያቸውም ነጋድራሱ፣ ከቡናው፣ ከዝባዱ፣ ከዝሆን ጥርሱና ከቆዳው የሚደርሳቸውን በጠገራ ብር መጠየቅ ጀመሩ። ጠገራ ብር ከምፅዋ፣ ከዘይላና ከታጁራ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የኢትዮጵያ ዕቃ በባሕር ማዶ ተሽጦ ስለሆነ፣ የኬላው ሹም ገንዘቡን የሚያገኘው ከዚያው መንገድ ላይ ነው። ሺህ ጠገራ ብር 28 ኪሎ ይመዝናል። ታላላቅ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን በቅሎ ጭነው፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው አስከትለው ይጓዙ የነበረው ለዚህ ነው።

ገበያተኛው ጠገራ ብርን ዝም ብሎ አይቀበልም። ከንግሥቲቱ ራስ ላይ ያለውን የዕንቁ ፈርጥና ከትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ነጥብ በነጥብ ይመረምራል። የተሸራረፈውን፣ የተላጠውን፣ ምልክቱ የጠፋውን ይመልሳል። ብዙ የውጭ አገር ተጓዦች ይህን ጥንቃቄ እንደ አጉል ልማድ አድርገው ጽፈውታል፤ ትክክል አልነበሩም። ሚዛን በሌለበት ገበያ፣ ሕግ ለሐሰተኛ ገንዘብ መድን በማይሰጥበት ዘመን፣ የጌጡ ነጥብ በግልጽ መታየት ብሩ እንዳልተፋቀ የሚያስረዳ ብቸኛ ማስረጃ ነው። ገበሬው የዓመት ድካሙን የሚያስቀምጠው በዚህ ብር ነበር፤ ሸክላ ውስጥ ቀብሮ ያኖረዋል፣ ለሴት ልጁ ጌጥ ያሠራዋል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ያወጣዋል። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒዬር መሪነት በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምቱ ይህን አውቀው ነው ከቪየና በገፍ ጠገራ ብር አስመትተው የመጡት። ያለዚያ ስንቅም የጭነት እንስሳም ባላገኙ ነበር።

የጠገራ ብር ጥንካሬ በውስጡ ያለው ማዕድን ሲሆን፣ ድካሙም ከዚያው ነበር። የማዕድኑ ዋጋ የሚቆረጠው ለንደን ላይ ነውና፣ ከዚያ የሚሰማ ወሬ ጎንደርና አንኮበር ድረስ የሰው ጎተራ ይነካል። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀርመንና አሜሪካ ገንዘባቸውን በወርቅ ሲመሠርቱ ብር ከየግምጃ ቤቱ ወጥቶ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ በዚያው ዘመን የአሜሪካ ማዕድን ማውጫዎች ብዙ ብር ያመርቱ ነበር። በዘመኑ መጀመሪያ አንድ ወቄት ብር ለንደን ላይ 60 ፔንስ ያህል ይሸጥ የነበረው፣ በ1893 እ.ኤ.አ. ሕንድ ብር ለሚያመጣ ሁሉ ገንዘብ መምታቷን ካቆመች በኋላ ከ30 ፔንስ በታች ወረደ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የኢትዮጵያ ገንዘብ በወርቅ ሲሰላ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ ማለት ነው። ጠመንጃና የአውሮፓ ጨርቅ የሚሸጡት በወርቅ ዋጋ ስለሆነ፣ የሚገዛው ሰው ብዙ ብር መቁጠር ነበረበት። ይህ ሁሉ ሲሆን አገር ውስጥ የበደለም የተሳሳተም ሰው አልነበረም።

አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ለማስመታት የተነሡት በዚህ ጊዜ ነው። በየካቲት 1885 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ እንደሚወጣ አስነገሩ፤ 1887 የሚል ዓመት የተጻፈበት የመጀመሪያው ብር በፓሪስ ተመትቶ መጣ። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ አለበት። የብሩ ግማሽ አላድ፣ ሩቡ ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን ይባላል፤ ከዚያ በታች ግርሽና የመዳብ ቤሳ አለ። በ1895 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የገንዘብ መምቻ ተቋቋመ። የምኒልክ ብር ክብደቱም ጥራቱም ከጠገራ ብር አያንስም ነበር። ሆኖም ከአዲስ አበባና ከሐረር ራቅ ሲል የሚቀበለው ጠፋ። ጠገራ ብር በሱዳን፣ በየመንና በዓደን ይሄዳል፤ የምኒልክ ብር የሚሄደው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ዕቃ ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁለቱን አንድ አድርጎ ሊያይ አይችልም፤ ነጋዴው ካልወሰደው ገበሬው ለምን ይወስዳል? አሞሌም ለዝርዝር ማገልገሉን ቀጠለ፤ በብዙ ገበያ ደግሞ የጠመንጃ ጥይት እንደ ሳንቲም ይቆጠር ነበር።

ከገንዘቡ ጋር ግብሩም ይታረም ጀመር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን የእርሻ በሬውን ከፈጀ በኋላ፣ ገበሬው ወታደር ቤቱ እየተመራ ሲያበላ መኖር አልቻለም። በ1885 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ አሥራት አዘዙ። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለመንግሥት ጎተራ አስገብቶ ወታደሩ ከጎተራው እንዲቀለብ ነው የታሰበው። ሐሳቡ ገበሬውን ለማሳረፍ የተጠነሰሰ ነበር፤ በብዙ አገር ግን አሥራቱም ተሰብስቦ፣ የቀድሞው ግዴታም ሳይቀር ቀረ። አሥራት በእህል የሚከፈል በመሆኑም መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልበትን ጥሬ ገንዘብ አላስገኘለትም።

በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ባንኩ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመና ለ50 ዓመት ብቸኛ መብት የተሰጠው ነበር። በ1907 ዓ.ም. አካባቢ የወረቀት ገንዘብ አወጣ፤ ወረቀቱን ይዞ የመጣ ሁሉ በጠገራ ብር ይለወጥለታል። ከነጋዴዎችና ከውጭ አገር ሰዎች ውጭ ግን የሚይዘው ጥቂት ነው። በዚያው ወራት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። የኦስትሪያ ወደቦች ስለተዘጉ አዲስ ጠገራ ብር መምጣቱ ቆመ፤ የማዕድኑም ዋጋ እየናረ ሄዶ በ1920 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር ለንደን ላይ 89 ፔንስ ከግማሽ ደረሰ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ እንደገና ወረደ። አንድ አገር በባዕድ ንግሥት ገንዘብ ሲገበያይ የገንዘቡን ብዛትም ዋጋውንም ማዘዝ እንደማይችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንግድና ስለ ቀረጥ አጥብቀው የጻፉት በዚህ ሁሉ መካከል ኖረው ስላዩ ነው።

አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የአቢሲኒያን ባንክ 235,000 ፓውንድ ካሳ ከፍለው ገዙትና የኢትዮጵያ ባንክ ተብሎ የመንግሥት ሆነ። አዲስ የወረቀት ገንዘብም ወጣ፤ ብሩ በመቶ ተከፍሎ መቶኛ የሚባል የመዳብና የኒኬል ዝርዝር ተመታ። ሥራው እግር ሳይተክል ጣሊያን መጣ። ሙሶሊኒ አስቀድሞ በ1935 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያ የጠገራ ብርን መምቻ ለ25 ዓመት ተቀብሎ በሮማ ያስመታ ጀምሮ ነበር፤ ለመውረር ያሰበው አገር ሕዝብ የሚያምነው ይህን ገንዘብ መሆኑን ያውቃል። አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ግን የሊሬ ወረቀት በግድ ሊያስገባ ሞከረ። ሕዝቡ ብሩን ቀብሮ ወረቀቱን ሸሸው፤ ጣሊያንም ከገበሬው እህልና ከብት ለመግዛት ተመልሶ ጠገራ ብር መቁጠር ግድ ሆነበት። በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ሲወጣ ሊሬ የያዘ ከሰረ፣ ብር የቀበረ ተረፈ። ሲታማ የኖረው የገበሬው ጥንቃቄ ልክ መሆኑ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ከነፃነት በኋላ ገበያው ድብልቅልቅ ያለ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒ፣ የግብፅ ፓውንድ፣ ሊሬና ጠገራ ብር በአንድነት ይዘዋወራሉ። በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዶላር፣ በአማርኛው ብር፣ ሕጋዊ ገንዘብ ሆኖ ወጣ። ከ1 እስከ 500 ብር የሚደርሱ ወረቀቶች ነበሩት፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.48 ብር ያህል ይመነዘር ነበር። ይህን ያዘጋጁት ሰዎች ከምኒልክና ከጣሊያን ዘመን የተማሩ ይመስላል። 50 ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተሠራ፤ ለዚህም አሜሪካ ከ5 ሚሊዮን ወቄት በላይ ብር አበደረች። ወረቀቱን የተጠራጠረ ሰው በአንድ ብር ወረቀት ሁለት ባለ 50 ሳንቲም ተቀብሎ እውነተኛ ብር መያዝ ይችል ነበር። የመዳቡን 25 ሳንቲም ብር ቀብተው በ50 ሳንቲም ስም የሚያሳልፉ ስለተነሡ ደግሞ 25 ሳንቲሙ በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተቀረጸ ሆኖ እንደ ገና ተመታ።

ወረቀቱን ግን ከሳንቲሙ ይልቅ ያጸናው ግብሩ ነው። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለም መሬት በጋሻ 15 ብር፣ ለም ጠፍ 10 ብር፣ ጠፍ 5 ብር ተቆረጠበት፤ በዓይነትና በጉልበት ይከፈል የነበረውም በዚህ ተተካ። በ1937 ዓ.ም. ኅዳር የወጣው አዋጅ የአሥራቱንም ምትክ በገንዘብ አድርጎ፣ ከመሬት ግብሩ ጋር በጋሻ 50፣ 40 እና 15 ብር አደረሰው። ጎጃም፣ ትግራይና በጌምድር ግን በቀድሞው ሥርዓታቸው ቆዩ። ሌላው ገበሬ ከዚያ ወዲህ ግብር ለመክፈል የመንግሥትን ገንዘብ መፈለግ ነበረበት፤ ያን ገንዘብ የሚያገኘው ደግሞ ምርቱን ሸጦ ነው። አፄ ምኒልክ መልካቸውን በብር ላይ አስቀርጸው ያላገኙት ተቀባይነት በግብር ደረሰኝ ተገኘ። ሸክሙም ቀላል አልነበረም፤ ገበሬው ግብሩ የሚደርስበትን ወር እየጠበቀ እህሉን በረከሰ ዋጋ ለነጋዴ ይሸጥ ነበር። የአሥራት ምትክ የሚባለው ግብር በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ተሻረ፤ የጎጃም ገበሬዎች ግን አዲሱን ግብር አንቀበልም ብለው በዚያው ዓመት ተነሡ።