የምትኖሩበት ሰፈር ለካንሰር ያጋልጣል ወይ?

"እዚህ ሰፈር ካንሰር በዛ፤ ውሃው ነው፣ አይ ታወሩ ነው" የሚል ወሬ ያልሰማ የለም። በአንድ መንደር ሁለት ሦስት ሰው ተከታትሎ ሲታመም ሰው አካባቢውን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ለመሆኑ የቱ ጥርጣሬ ነው እውነት ያለው? የምናውቀውን ሰብሰብ አድርገን እነሆ።

ባጭሩ ስንመልስ፦ አዎ፣ ሰፈር ለውጥ ያመጣል። ግን ብዙ ጊዜ አደጋው ያለው ሰው በሚፈራው ነገር ሳይሆን በለመደው ነገር ውስጥ ነው።

👉 ቦታ ብቻውን ሊያሳምም ይችላል?

ይችላል። በቱርክ ቀጰዶቅያ አካባቢ ካራይን እና ቱዝኮይ የሚባሉ መንደሮች አሉ። ነዋሪዎቹ ቤት ይሠሩበት የነበረው ድንጋይ ኤሪዮናይት የሚባል ማዕድን አለበት። ብናኙ ለዓመታት ወደ ሳንባ ሲገባ ሜሶቴሊዮማ የተባለ፣ በሌላው ዓለም እምብዛም የማይታይ የሳንባ ሽፋን ካንሰር ያመጣል። በነዚህ መንደሮች ይሞት ከነበረው ሰው ግማሽ የሚሆነው በዚሁ በሽታ ይሞት እንደነበር የታወቀው ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በተደረጉ ጥናቶች ነው።

በጣሊያን ካዛሌ ሞንፌራቶ ከተማም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካው የተዘጋው እ.ኤ.አ በ1986 ነው። የታመሙት ግን ሠራተኞቹ ብቻ አልነበሩም። የፋብሪካውን በር ረግጠው የማያውቁ የከተማዋ ነዋሪዎችም ታመዋል። ይህ በሽታ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ30 ዓመት በላይ ስለሚወስድ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም ሰው መታመሙ ቀጥሏል።

👉 የኛስ ሰፈር?

እንዲህ ዓይነት ማዕድን ያለበት መንደር ብርቅ ነው። ጭስ የሌለበት ሰፈር ግን የት አለ?

1. የመንገድ አየር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በ2012 የናፍጣ ጭስን፣ በ2013 ደግሞ የተበከለ የውጭ አየርን "ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠ" በሚለው ምድብ አስገብቷቸዋል። ሲጋራም ያለው እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ይህ ማለት ግን አደጋቸው እኩል ነው ማለት አይደለም። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፤ አጫሽ ያለበት አደጋ በጣም ይበልጣል። ድርጅቱ በአየር ውስጥ ያለ ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ በሜትር ኪዩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ትራፊክ የሚጨናነቅበት ትልቅ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያሟላም።

2. የቤት ውስጥ ጭስ። በቻይና ሹዋንዌይ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ሴቶች በሳንባ ካንሰር በብዛት ይሞቱ ነበር። ምክንያቱ ቤት ውስጥ፣ ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ሆኖ ተገኘ። ከ21 ሺህ በላይ ገበሬዎችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ያስገቡ ቤተሰቦች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ40 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ቀንሷል። መድኃኒት የለ፣ ትልቅ ማሽን የለ፤ አንድ ጭስ ማውጫ ብቻ!

የኛ አገር የእንጨት ከሰልና ማገዶ ከድንጋይ ከሰል ይለያል። የማገዶ ጭስ የተመደበው "ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም" በሚለው ደረጃ ነው። ሳንባና ልብን እንደሚጎዳ ግን አያጠራጥርም፤ በተዘጋ ክፍል የተያያዘ ከሰል ደግሞ በአንድ ሌሊት ይገድላል።

3. የሌላ ሰው ሲጋራ። አጠገባችሁ የሚጨሰውም ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል። ስለዚህ ካፌ ውስጥ "እባክህ ውጭ" ማለት ነውር አይደለም፤ መብት ነው።

👉 ታወሩስ?

የኔትወርክ ታወር ጨረር በጣም ደካማ ነው። በሰፈር ውስጥ በሚደርሰን መጠን ካንሰር እንደሚያመጣ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም። ታወሩን እየፈራን በግቢያችን ፕላስቲክ ብናቃጥል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከፕላስቲክ ቃጠሎ እንደ ዳይኦክሲን ያሉ መርዞች ይወጣሉ።

👉 የሆስፒታል ርቀትም የሰፈር ጉዳይ ነው

ሰፈር የሚወስነው መታመምን ብቻ አይደለም፤ መዳንንም ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ታካሚ ትራንስፖርቱን፣ ማደሪያውን፣ ወረፋውን ሁሉ ይችላል። አሁን ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭም ተጀምሯል። አንድ ዓይነት የጡት ካንሰር የያዛቸው ሁለት ሴቶች አንዷ በጊዜ ታይታ ስትድን ሌላዋ ዘግይታ የምትሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ልዩነት ነው።

👉 "ሰፈራችን ውስጥ በዛ" ስንል

ካንሰር አንድ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ስም ነው። አንዱ ጎረቤት የጡት፣ ሌላው የአንጀት፣ ሌላው የደም ካንሰር ቢይዛቸው መነሻቸው አንድ የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው። በደንብ መጠርጠር ያለብን ብዙ ሰው አንድ ዓይነት፣ በተለይም ብርቅ የሆነ ካንሰር ሲይዘው፣ ወይም በሽታው ከተለመደው ዕድሜ ቀድሞ ሲመጣ ነው። ያኔ ጉዳዩን ለወረዳው ጤና ጽ/ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ተገቢ ነው።

👉 ምን እናድርግ?

• ከሰል ስታቀጣጥሉ ውጭ ይሁን፤ ማድቤቱ መስኮትና ጭስ ማውጫ ይኑረው።
• ፕላስቲክና ጎማ አታቃጥሉ።
• ስፖርት ስትሠሩ ከዋናው አስፋልት ራቅ በሉ።
• ያልታወቀ እብጠት፣ ያለ ምክንያት የሚፈስ ደም፣ ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል ወይም ያልታሰበ ክብደት መቀነስ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ።

የአውቶቡሱን ጭስ፣ የፋብሪካውን ቦታ፣ የሆስፒታሉን ርቀት ግን አንድ ሰው ብቻውን አይለውጠውም። "ራስህን ጠብቅ" የሚለው ምክር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው የመንግሥት፣ የከተማ ፕላንና አብሮ የመጠየቅ ሥራ ነው።