ለትምህርት ቤት ቦርድ የተደረገው የመጀመሪያው ውድድር
ትምህርት ቤት ማሠራት ገንዘብ ያለው መንግሥት ሁሉ የሚችለው ነገር ነው። የተሠራውን ትምህርት ቤት ማን ይምራው፣ ለማደሪያው የሚሆነውን ግብር ማን ይጣል፣ ልጆቹ ይህን ይማሩ ያንን ይተዉ ብሎ ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ ግን ከድንጋዩና ከኖራው ይልቅ ያስቸግራል። የእንግሊዝ ሕዝብ ይህን ጥያቄ በ1870 ዓ.ም. በምርጫ ለመመለስ ሞክሯል። ይህ ታሪክ በትምህርት ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት መስመር የሚታለፍ ስለሆነ፣ ጥቂት ሰፋ አድርገን ልንመለከተው አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የተመለከተው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 1870 ማለትም ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑን አንባቢው ቢያስታውስ ጊዜውን ለመገመት ይረዳዋል።

በዚያን ዘመን እንግሊዝ በፋብሪካዋና በባሕር ኀይልዋ የዓለም ቀዳሚ ነበረች። የድኾች ልጆች ትምህርት ግን በመንግሥት እጅ አልነበረም። በ1811 የተቋቋመው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ማኅበርና ከእርሷ የተለዩት ፕሮቴስታንቶች የሚረዱት ሌላው ማኅበር፣ ምእመናን በሚያዋጡት ገንዘብ ትምህርት ቤት ይከፍቱ ነበር። መንግሥትም በ1833 ለመጀመሪያ ጊዜ 20,000 ፓውንድ ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ከሰጠ ወዲህ እርዳታውን ቀስ በቀስ ጨመረ እንጂ ራሱ አስተማሪ ለመሆን አልደፈረም። ምእመናን በሌሉበት ወይም ድኻ በሆኑበት ሰፈር ትምህርት ቤት አይኖርም፤ ችግሩ በጸናበት ስፍራ መድኃኒቱ ይጠፋል ማለት ነው። በሎንዶን ምሥራቅ ክፍልና በታላላቆቹ የፋብሪካ ከተሞች እጅግ ብዙ ልጆች ፊደል ሳይቈጥሩ ወደ ሥራ ይሰማሩ ነበር።

በ1867 በወጣው ሕግ የከተማ ሠራተኞች አብዛኛዎቹ የፓርላማ አባል የመምረጥ መብት አገኙ። ከዚህ በኋላ ትምህርትን አይፈልጉ የነበሩት መኳንንት እንኳ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ማንበብ የማይችል መራጭ አስፈራቸውና ነው። የትምህርትን ጉዳይ ይመሩ የነበሩት ሚኒስትር ዊልያም ፎርስተር በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1870 የሕጉን ረቂቅ ለፓርላማ አቀረቡ፤ ብዙ ከተከራከሩበትም በኋላ በኦገስት 9 ቀን ጸደቀ። ሕጉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችን አላፈረሰም። በቂ ትምህርት ቤት በሌለበት ቦታ ግን ሕዝቡ ከ5 እስከ 15 አባሎች ያሉበት የትምህርት ቤት ቦርድ ለሦስት ዓመት እንዲመርጥ አደረገ። ቦርዱም በአካባቢው ነዋሪ ላይ ግብር እንዲጥል፣ ትምህርት ቤት እንዲያሠራ፣ አስተማሪ እንዲቀጥር፣ ከፈቀደም ከ5 ዓመት እስከ 13 ዓመት ያሉትን ልጆች በግድ የሚያስተምር ደንብ እንዲያወጣ ሥልጣን ተሰጠው። ለሎንዶን የተወሰነው ከሁሉም የበለጠ ሲሆን በ10 የምርጫ ወረዳ የተከፈሉ 49 አባሎች ነበሩት። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም።

የድምፁ አሰጣጥ ከሌላው ምርጫ የተለየ ነበርና በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። አንድ መራጭ በወረዳው ስንት ወንበር ካለ ያንኑ ያህል ድምፅ አለው፤ ወረዳው 7 ወንበር ካለው ሰባት ድምፅ ይሰጣል። ሰባቱን ለሰባት ሰዎች ማከፋፈል ይችላል፤ ቢፈልግ ደግሞ ሰባቱንም አከማችቶ ለአንድ ሰው ይሰጣል። የሕጉ አውጪዎች ይህን ያደረጉት በቍጥር ያነሱት ወገኖች፣ በተለይም የሃይማኖት ማኅበሮች፣ ያለ ተወካይ እንዳይቀሩ ብለው ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሒሳቡ ግን ብልኆችን እንኳ አሳሳተ። በበርሚንግሃም ከተማ ትምህርት ከቤተ ክርስቲያን እጅ ይውጣ እያሉ አገሩን ሲያነቃንቁ የነበሩት ሊበራሎች ለ15ቱ ወንበሮች 15 ዕጩዎችን አቆሙ። ደጋፊዎቻቸው ድምፃቸውን በ15 ሰው ላይ በታተኑት። የቤተ ክርስቲያን ወገን ግን ጥቂት ሰዎችን ብቻ አቅርቦ ድምፁን ስለ ሰበሰበ 8 ወንበር ወሰደ፤ ሊበራሎቹ 6 ብቻ አገኙ፤ የቀረውን አንዱን ወንበር አንድ የካቶሊክ ቄስ ወሰዱ፤ እኒህም ቄስ ምእመናናቸው ድምፃቸውን ሁሉ ስለ ሰጡአቸው በድምፅ ብዛት የሁሉ ቀዳሚ ሆኑ። ሊበራሎቹ በ1873 በተደረገው ሁለተኛ ምርጫ 8 ሰዎች ብቻ አቅርበው ቦርዱን በእጃቸው አደረጉ። ኋላ ታላቅ የመንግሥት ሰው የሆኑት ጆሴፍ ቼምበርሌን ሊቀ መንበር የሆኑት ያን ጊዜ ነው።

ሌላው አዲስ ነገር ከዚህ የሚበልጥ ነበር። ለፓርላማ ሴት አትመርጥም፣ አትመረጥም። ለትምህርት ቤት ቦርድ ግን በስሟ ግብር የምትከፍል ሴት ድምፅ እንድትሰጥ ተፈቀደ፤ ለመመረጥ ደግሞ ሕጉ ጾታ ለይቶ የከለከለው አልነበረም። እንዲህም ሆኖ በሩ ተከፍቷል ማለትና ሰው ይገባበታል ማለት አንድ አይደለም። በዚያ ዘመን የተከበረች ሴት በአደባባይ ቆማ ስለ ራስዋ ምረጡኝ ብላ መናገር እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመውጣት ድፍረት ያስፈልግ ነበር።

ወይዘሪት ኤልሣቤጥ ጋሬት በ1836 ተወለዱ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ በራቸውን ስለ ዘጉባቸው፣ በመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ደንብ ውስጥ ሴትን የሚከለክል ቃል አለመኖሩን አይተው በዚያ በኩል ገብተው በ1865 ፈቃድ አገኙ። ማኅበሩም ወዲያው ሌላ ሴት እንዳትከተላቸው ደንቡን ለወጠ። በሚቀጥለው ዓመት በሎንዶን ሜሪልቦን በተባለው ሰፈር ለድኻ ሴቶችና ልጆች ክሊኒክ ከፈቱ፤ በ1870 ደግሞ ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሐኪምነት ዲግሪ ተቀበሉ። ለቦርዱ እንዲወዳደሩ መጀመሪያ የጠየቋቸው የፖለቲካ ሰዎች አልነበሩም፤ በክሊኒካቸው የታከሙት ሴቶች ባሎችና አባቶች የሆኑ የሰፈሩ ሠራተኞች ናቸው።

ወዳጃቸው ወይዘሪት ኤሚሊ ዴቪስ የቄስ ልጅ ነበሩ። ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ሲታገሉ ቆይተው በ1869 ሂቺን በተባለች ከተማ ኮሌጅ አቋቁመዋል፤ ኋላ ወደ ኬምብሪጅ አጠገብ ተዛውሮ ገርተን ኮሌጅ የተባለው እርሱ ነው። እኒህ ሁለቱ ሴቶች በ1866 ለሴቶች የመምረጥ መብት እንዲሰጥ 1,500 ያህል ሴቶች የፈረሙበትን አቤቱታ ይዘው ወደ ፓርላማ ሄደው ነበር። አቤቱታውን የሚቀበሏቸው ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል እስኪመጡ ድረስ ትልቁን የወረቀት ጥቅል ይዘው መቆም ስላሳፈራቸው፣ በአዳራሹ ፖም ትሸጥ ከነበረች ሴት ጠረጴዛ ሥር ሸሸጉት ይባላል። ከአራት ዓመት በኋላ ወይዘሪት ጋሬት በሜሪልቦን፣ ወይዘሪት ዴቪስ በግሪንዊች ዕጩ ሆነው ቀረቡ። ወረቀታቸውን የሸሸጉት ሴቶች አሁን ራሳቸውን በሕዝብ ፊት ማቆም ነበረባቸው። ወይዘሪት ጋሬት በብዙ ሰው ፊት መናገርን ይጠሉት ነበር፤ ነገር ግን በየአዳራሹ እየዞሩ ተናገሩ።

ምርጫው የተደረገው በኖቬምበር 29 ቀን 1870 ነው። ከሲቲ በቀር በሎንዶን ወረዳዎች ሁሉ ድምፁ በምስጢር ተሰጠ፤ የፓርላማ ምርጫ በምስጢር እንዲሆን የተደነገገው ከዚህ ሁለት ዓመት ዘግይቶ መሆኑን ልብ ይሏል። በሜሪልቦን ለ7ቱ ወንበሮች ከተወዳደሩት መካከል ስመ ጥሩው የተፈጥሮ ሊቅ ፕሮፌሰር ቶማስ ሀክስሊ ነበሩ። ቈጠራው ሲያልቅ ሀክስሊ 13,494 ድምፅ አግኝተው ሁለተኛ ሆኑ። ወይዘሪት ጋሬት 47,858 ድምፅ አገኙ፤ ይህም በሎንዶን ከተማ ሁሉ ማንም ያላገኘው ነበር።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ቍጥር ሲጠቅሱ 47,858 ሰው እንደ መረጣቸው አድርገው ይጽፋሉ። ከላይ እንደተመለከትነው ግን አንዱ መራጭ ሰባት ድምፅ ያለው ስለሆነ፣ ሁሉም ደጋፊዎች ድምፃቸውን አከማችተው ሰጥተዋቸው ቢሆን ኖሮ 6,837 ሰው ይበቃ ነበር። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ሒሳብ የድሉን ክብር የሚቀንስ አይደለም። ድምፅ አከማችቶ የመስጠት መብት ለሀክስሊም ደጋፊዎች እኩል ነበርና። ይልቁንም የሜሪልቦን ሠራተኛ ሰባት ድምፁን ለሰባት ሰው ማደል ሲችል፣ ሚስቱን ላከመችለት ሴት ብቻ ጨምቆ መስጠትን እንደ መረጠ ያሳያል።

ወይዘሪት ዴቪስም በግሪንዊች ተመረጡ። በቼልሲ የተወዳደሩት ወይዘሮ ማሪያ ግሬይ አልተሳካላቸውም። በማንችስተር ደግሞ የሴቶች መብት ተሟጋች የነበሩት ወይዘሪት ሊዲያ ቤከር ተመርጠው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1890 ድረስ በቦርዱ ቆዩ፤ ልብስ መጥቀምና ምግብ ማብሰል ለሴቶች ልጆች ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ሊሆን አይገባም፣ ወንዶቹም ይማሩት እያሉ ያስቸግሩ ነበር። በሎንዶን ከተመረጡት 49 አባሎች መካከል የእጅ ሥራ አዳሪ አንድ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም ከፊንስበሪ የተመረጡት የእንጨት ዕቃ ሠሪው ቤንጃሚን ሉክራፍት ናቸው። ይህ የሚያስገርም አይደለም። ደመወዝ የሌለውንና የቀን ሥራ የሚያስፈታውን ሹመት ለመቀበል በቀን ገቢው የሚያድር ሰው ከየት ያመጣዋል?

ቦርዱ በዲሴምበር 15 ቀን ተሰብስቦ የህንድ አገር እንደራሴ የነበሩትን ሎርድ ሎረንስን ሊቀ መንበር አደረገ። ሁሉም የፈራው ጠብ በሃይማኖት ትምህርት ላይ ነበር። ሕጉ በቦርድ ትምህርት ቤት የአንዱ ማኅበር ብቻ የሆነ የሃይማኖት ትምህርት እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ግን አይከለክልም። በ1871 ቦርዱ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲነበብና ለልጆች ዕድሜ በሚስማማ መንገድ እንዲተረጐም ወሰነ። በሃይማኖት ነገር ተጠራጣሪ የነበሩት ሀክስሊ የመጽሐፍ ቅዱስን መነበብ መደገፋቸው ወዳጆቻቸውን አስደንግጦ ነበር። የትምህርቱን ዝርዝር ያዘጋጀውን ኮሚቴም የመሩት እርሳቸው ናቸው፤ በጤና ምክንያት በ1872 ለቀቁ።

ከሃይማኖቱ ክርክር ይልቅ በሕዝቡ ቤት የገባው ግን የግዴታው ደንብ ነበር። ቦርዱ ቤት ለቤት እየዞሩ ልጆችን የሚቈጥሩና ያልመጡትን የሚጠይቁ ሹሞች አሠማራ። ለድኻ ቤተ ሰብ የልጅ ትምህርት ሁለት ጊዜ ዋጋ ያስከፍል ነበር። አንደኛ በየሳምንቱ የሚከፈል የትምህርት ገንዘብ አለ፤ ሁለተኛ ልጁ ሠርቶ ያመጣ የነበረው ገቢ ይቀራል። ሹሙ በር ሲያንኳኳ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ አባትን ሳይሆን፣ ታላቅ ልጇን ሕፃን እንድትጠብቅ ቤት ያስቀረችውን እናት ነበር። ድምፅ የሰጠው አባት ነው፤ ደንቡ የተፈጸመው ግን በእናቲቱ ላይ ነው። ሴቶች በቦርድ መገኘታቸው ስለ ምን እንዳስፈለገ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚሻ ሰው ያለ አይመስለንም። የትምህርት ገንዘቡ ለአብዛኛው ሕዝብ የቀረው በ1891 በወጣው ሕግ ነው።

ወይዘሪት ጋሬት በፌብሩዋሪ 1871 በምርጫው የረዱአቸውን ጄምስ አንደርሰንን አግብተው ወይዘሮ ጋሬት አንደርሰን ተባሉ። በ1873 እርሳቸውም ወይዘሪት ዴቪስም እንደገና አልተወዳደሩም፤ አንዷ ወደ ሕክምናቸው፣ ሌላዋ ወደ ኮሌጃቸው ተመለሱ። ቦታው ግን ባዶ አልቀረም፤ በየምርጫው ሌሎች ሴቶች እየገቡ በመጨረሻ በአገሩ ቦርዶች ሁሉ የተመረጡት ሴቶች ከ200 በላይ ሆኑ። የሎንዶን ቦርድም ከ400 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችን አሠርቶ ለግማሽ ሚሊዮን ልጆች ያህል ቦታ አዘጋጀ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ በ1902 የወጣው ሕግ ቦርዶቹን ሻረ፤ ሥራቸውም ለአውራጃና ለከተማ ምክር ቤቶች ተላለፈ፤ የሎንዶኑ በ1904 ተዘጋ። ለምክር ቤቶቹ አባልነት ሴት መመረጥ አትችልም ነበርና፣ 30 ዓመት በምርጫ የገቡበት በር በአንድ ቀን ተዘጋ። ሕጉ በትምህርት ኮሚቴዎቹ ውስጥ ሴቶች እንዲጨመሩ ቢያዝም፣ በሕዝብ ድምፅ መመረጥና በወንዶች ፈቃድ መጨመር የተለያየ ነገር ነው። ስሕተቱ የታረመው በ1907 ሴቶች ለምክር ቤቶች እንዲመረጡ ሲፈቀድ ነው። በ1908 ወይዘሮ ጋሬት አንደርሰን ባላቸው ተሹመውባት በነበረችው በኦልድበርግ ከተማ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ እርሳቸው ናቸው። በ1917 ዐረፉ። ወይዘሪት ዴቪስ ግን ለሴቶች የፓርላማ ምርጫ የተፈቀደበትን ዓመት ደረሱ፤ በዲሴምበር 1918 በ88 ዓመታቸው ወደ ምርጫው ጣቢያ ሄደው ድምፃቸውን ሰጡ።