አብሽ፣ ጋሌጋና የኢብኑ ሲና ሚዛን

የስኳር በሽታ የዘመናችን ብቻ ደዌ አይደለም። ከ980 እስከ 1037 እ.ኤ.አ. የኖሩት ታላቁ ሐኪም ኢብኑ ሲና፣ አል-ቃኑን ፊጥ-ጢብ በተሰኘው መጽሐፋቸው የሕመምተኛውን ሽንት መብዛትና መጣፈጥ ገልጸዋል። ለዚህ ደዌ ካዘዟቸው ዕፅዋት መካከልም በየጓዳችን የምናውቃቸው ግብጦና አብሽ ይጠቀሳሉ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወገኖች ታዲያ «አብሽ እያለ እንክብል ምን ይሠራል?» ይላሉ። የኢብኑ ሲና ትምህርት ግን ይህ አይደለም።

በዚያው መጽሐፋቸው መድኃኒት የሚፈተንበትን መስፈርት ደንግገዋል። መድኃኒቱ ከባዕድ ነገር የጠራ መሆን አለበት። ውጤቱ ደጋግሞ መታየት አለበት፤ አለዚያ የአጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላል። በእንስሳ የታየውም በሰው ላይ ላይሠራ ስለሚችል ፈተናው በሰው መረጋገጥ ይኖርበታል።

የዚህ መስፈርት ጥቅም በጋሌጋ ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ጋሌጋ እንደ አብሽና ግብጦ ሁሉ ከአተር ወገን የሆነ፣ በደቡብ አውሮፓና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚበቅል ተክል ነው። የአውሮፓ ባህላዊ ሐኪሞች ጥም ለጸናበትና ሽንት ለበዛበት ሰው ይሰጡት ነበር። ይሁንና ተክሉን በብዛት የጋጡ በጎች ይሞታሉ። ፈውሱና መርዙ በአንድ ቅጠል አብረው ይኖራሉና።

በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጋሌጊን የተባለው የተክሉ ንጥረ ነገር በሕመምተኞች ተሞከረ፤ ስኳር ቢቀንስም መርዛማ በመሆኑ ተተወ። በ1922 በደብሊን ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት የቅርብ ዘመዱን ሜትፎርሚንን በቤተ ሙከራ ሠሩ። ዓመቱ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠበት ስለነበር ሜትፎርሚንን ልብ ያለው አልነበረም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በሰው ፈትነው ውጤቱን ያሳተሙት በ1957፣ አሜሪካ የፈቀደችውም በ1994 ነው። ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

ውድ አንባቢያን፣ ዕፁ መንገዱን አመለከተ፤ መድኃኒት ያደረገው ግን ፈተናና ልክ ነው። አብሽም ስኳር እንደሚቀንስ የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን አንዱ በማንኪያ፣ ሌላው በእፍኝ የሚወስደው ነገር ልክ የለውም፤ ከእንክብል ጋር ሲደረብም ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ አብሽ የሚጠጣ ሕመምተኛ ለሐኪሙ ይንገር፤ ስኳሩን ያስለካ፤ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ሰውነታችን የአላህ አማና ነው፤ በግምት አይያዝም። ኢብኑ ሲናን የሚወድ ሰው ዕፃቸውን ብቻ ሳይሆን ሚዛናቸውንም ይውሰድ።