ሰላዩ ሲተረክ መጋላ የት ነበረች?

ልብ አንጠልጣይ የሴራ መጽሐፍ የሚወድ አንባቢ ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል። ዋናው ሰው ሰላይም ወታደርም አይደለም፤ የራሱን እንጀራ የሚበላ ተራ ሰው ነው። አንድ ቀን የማይመለከተው ምስጢር እጁ ይገባል። ጠላት ያሳድደዋል፣ ፖሊስ አያምነውም፣ መሸሻው አብዛኛውን ጊዜ ባቡር ነው። ጆን ባከን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» መንገዱን ጠረገ፤ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1935 ወደ ፊልም ለወጠው።

ፊልሙ ለንደን ላይ በታየበት በዚያው ዓመት እውነተኛ ሰላዮችና ሰላይ አዳኞች ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ይወርዱ ነበር።

ከተማዋ ለእንዲህ ያለ ታሪክ ታስባ የተሠራች ትመስላለች። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ይገባል ተብሎ ተራራው ስለከበደው፣ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ። የደቻቱ ወንዝ በሁለት ከፈላት። ከወንዙ በአንዱ ወገን የባቡር ኩባንያው ሠራተኞች የሰፈሩባት፣ ጎዳናዋ በመስመር የተቀየሰው ከዚራ አለች። በሌላው ወገን መጋላ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡና ሕንዱ ጎን ለጎን ሱቅ ከፍቶ የሚነግድባት። ባቡሩ ያን ጊዜ በሌሊት ስለማይጓዝ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ድሬዳዋ ያድራል። ዲፕሎማቱም፣ የጦር መሣሪያ ነጋዴውም፣ ጋዜጠኛውም አንድ ሆቴል ውስጥ እራት ይበላሉ። ለደራሲ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

ደራሲዎቹም አልቀሩም። ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬ እዚሁ ድሬዳዋ የዱቄት ወፍጮና የመብራት ኃይል ማመንጫ ነበረው። በጀልባ ጠመንጃና ሐሺሽ ያሻግር የነበረውም እሱው ነው። ለባሪያ ንግድ ዘገባ በ1930 የመጣው ጋዜጠኛ ጆሴፍ ኬሴል «ጻፈው እንጂ!» ብሎ ገፋፋውና ሞንፍሬ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ አወጣ። በ1933 ከኢትዮጵያ ተባረረ፤ በኋላ ከጣሊያን ጋር ተመልሶ ገባ። በመጽሐፎቹ ጀግናው ራሱ ነው፤ የአገሩ ሰው መርከበኛ፣ አሽከር፣ መሪ ሆኖ ያልፋል። ተረቱ ጥሩ ነው፤ ሰውዬው ግን ለማንም የሚመከር አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ የእንግሊዛዊው የኤቭሊን ዎ ነገር ነው። በነሐሴ 1935 የ«ዴይሊ ሜይል» ዘጋቢ ሆኖ የጣሊያንን ወረራ ሲጠብቅ፣ ከባልደረባው ከፓትሪክ ባልፎር ጋር በድሬዳዋ በኩል ወደ ሐረርና ጅጅጋ ወጣ። ጅጅጋ እንደደረሱ ትልቅ ዜና ጠበቃቸው፤ እዚያ የሚኖሩ አንድ ፈረንሳዊ ቆንት ከነባለቤታቸው ለጣሊያን ይሰልላሉ ተብለው ታስረዋል። ዎ እንደጻፈው፣ ነገሩ የተደረሰበት አንዲት ሶማሌ ሴት ስትያዝ ነው። ስትፈተሽ በብብቷ ሥር የፎቶ ፊልም መያዣ ተገኘ፤ ሐረር ላለው የጣሊያን ቆንስላ የሚደርስ መልእክት ነበረበት ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሂችኮክ ሁሉም የሚያሳድደውን ያን ዕቃ «ማክጋፊን» ይለዋል፤ ወረቀት ይሁን ፊልም ግድ የለውም፣ ሰው ቢሞትበት ይበቃል። ጅጅጋ ላይ ዕቃው በእርግጥ ነበረ፤ የተያዘው ገላ ግን የእሷ ነው። በደንቡ መሠረት ጀግናዋ እሷ መሆን ነበረባት። ምን እንደያዘች ታውቅ ነበር? ስንት ብር ተቆርጦላታል? ወይስ ትእዛዝ ብቻ ነበር? ዎ ስሟን እንኳ አልጻፈውም። ብዕሩ ወደ ቆንቱ፣ ከዚያም ወደ ራሱ ቴሌግራም ዞረ።

እሱንም ዕድል ቀጣችው። የጅጅጋውን ወሬ ሲያሳድድ አዲስ አበባ ላይ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ሰፊ የነዳጅ ኮንሴሲዮን ተፈራረመ፤ የዓመቱ ታላቅ ዜና አመለጠው። በ1938 ያሳተመው «ስኩፕ» የዚህ ንዴት ልጅ ነው፤ ስለ አእዋፍና ስለ አራዊት የሚጽፍ አንድ ምስኪን አምደኛ በስም ስሕተት የጦር ዘጋቢ ተደርጎ ወደ አንዲት የአፍሪካ አገር ይላካል። በሌላ ሰው ስም የተያዘ ተራ ሰው! ሂችኮክ በ1959 «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት»ን የሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ደንቡ የገባው ዎ ተራውን ሰው ከእንግሊዝ ገጠር አመጣው፤ ያቺ የተያዘችው ሴት ሳትታየው ቀረች።

መጋላ ደግሞ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ አልጎደላትም። ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርበው፣ ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ከጅቡቲ ባቡር ይወርዱ የነበሩትን ነጋዴ ሴቶች ድሬዳዋ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ፊናንስ ፖሊስ ፉርጎ ለፉርጎ ሲፈትሽ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር። የልጅ እንጀራ እዚያ ቀሚስ ሥር ነበር። ከየትኛውም ሰላይ የበለጠ ብልሃት ያሳዩት እነሱ ናቸው፤ በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ግን ቢኖሩ ለማድመቂያ ነው።

ተራውን ሰው መሃል ያስቀመጠ አማርኛ መጽሐፍ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው። የ1974 ዓ.ም. ቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይወስደዋል፣ በፍቅርና በስለላ መረብ መካከል ይገባል፣ ማወቅ ከሚገባው በላይ ያውቃል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ደራሲው ራሱ ብዙ የሚያውቀው ሰው ሆነ፤ በመጨረሻው ገጽ የሚደርስለት አልነበረም። ባከንም ሂችኮክም እንዲህ አይጨርሱም፤ ጀግናቸው አብዛኛውን ጊዜ ተርፎ እውነቱን ይናገራል። የእኛን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን የደንብ ክፍል መዋስ የለበትም ባይ ነኝ።

ያን ታሪክ የኖሩት፣ የጅቡቲን ባቡር የተሳፈሩ፣ ፍተሻውን ያለፉ፣ በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ መጋላ ውስጥ የነበሩ እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። እናትህ ወይም አያትሽ ከእነሱ አንዷ ከሆኑ ስልካችሁን ክፈቱና ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ስማቸውንም ከነአባታቸው ጻፉ።