ሁለተኛው ጀግንነት በደረት ላይ እንዴት ይቆጠራል?



ዛሬ የምናገረው የጣት ጥፍር ስለማታክል የብር ቁራጭ ነው። የታሪክ ተማሪ የድሮ ፎቶግራፍ ሲመለከት ፊቱን ያያል፣ ማዕረጉን ያያል፤ ከደረት ኪስ በላይ በተደረደሩት ጥብጣቦች ላይ የተሰኩትን ጥቃቅን ምልክቶች ግን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። እኔም ለረጅም ጊዜ አልፌያቸዋለሁ። ነገር ግን ቁጥር ናቸው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ችግሩ ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ወታደር ስለ ጀግንነቱ ኒሻን ተሸለመ፤ ቆይቶም ያንኑ የሚያህል ሌላ ጀብዱ ፈጸመ። መንግሥት ምን ይስጠው? ከፍ ያለ ኒሻን ቢሰጠው ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው በለጠ ማለት ይሆናል። ምንም ባይሰጠው ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ያንኑ ኒሻን ቢደግምለት ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ተመሳሳይ መስቀል ያንጠለጥላል።

ብሪታንያ የቪክቶሪያ መስቀልን በ1856 ስታቋቁም መልሱን በመሥራቹ ደንብ ውስጥ አስቀመጠች። ሁለተኛ መስቀል አይሰጥም፤ መስቀሉ በተንጠለጠለበት ጥብጣብ ላይ «ባር» የሚባል አግድም የነሐስ ቁራጭ ይጨመራል። ይህ አንቀጽ ሥራ ላይ እስኪውል ስድሳ ዓመት ያህል ፈጀ። እስከ ዛሬም ባሩን ያገኙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አርተር ማርቲን-ሊክ፣ ኖኤል ቻቫስ እና ኒውዚላንዳዊው ቻርልስ አፐም። ከሦስቱ ሁለቱ ሐኪሞች ናቸው፤ ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም። ተዋጊው አንዴ ምሽግ ይሰብራል፤ ቁስለኛ የሚያነሣ ሐኪም ግን ያንኑ ሥራ በየውጊያው ይደግማል።

ቻቫስ የመጀመሪያውን መስቀል ያገኘው በነሐሴ 1916 በፈረንሳይ ጊዬሞን ላይ፣ በተኩስ መካከል ቁስለኞችን እየፈለገ በማንሣቱ ነው። በቀጣዩ ዓመት በቤልጅየም ራሱ ቆስሎ ሳለ ቦታውን አልለቅም ብሎ፣ እየወጣ ቁስለኞችን ሲያነሣ ቆየ፤ በነሐሴ 4 ቀን 1917 ሞተ። ባሩን አልለበሰውም። ደንቡ ሁለተኛ መስቀል ይከለክላል፤ በብራንድሁክ የጦር መቃብር በሚገኘው የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ግን የተቀረጹት ሁለት መስቀሎች ናቸው።

ሌላው ችግር የመጣው ከልብስ ነው። በአዘቦት ዩኒፎርም ላይ ኒሻኑ ራሱ አይንጠለጠልም፤ ጥብጣቡ ብቻ ይሰፋል። ኒሻኑ ሲቀር ባሩም አብሮ ይቀራል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተደጋጋሚ ተሸላሚዎችን ሲያበዛ፣ ከ1886 ጀምሮ ለነበረው የላቀ አገልግሎት ኒሻን በ1916 ባር ተፈቀደ፤ በጥብጣቡም ላይ ለእያንዳንዱ ባር ሮዜት የሚባል ትንሽ የብር ጽጌረዳ እንዲሰካ ተደረገ። የቪክቶሪያ መስቀል ግን ከ1917 ወዲህ የተለየ ሥርዓት አለው። ለመጀመሪያው ሽልማት አንድ ትንሽ መስቀል፣ ለባሩ ሁለተኛ ትንሽ መስቀል ይሰካል። እንግዲህ በአንዱ ጥብጣብ ላይ ያለ ነጠላ ምልክት «ሁለት ጊዜ» ሲል፣ በሌላው ላይ «አንድ ጊዜ» ይላል። ተማሪዎቼ አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ ቀድሞ ኒሻኑን ራሱን ትደግም ነበር። የክብር ሜዳሊያን ሁለት ጊዜ የተቀበሉ 19 ሰዎች አሉ፤ ከእነዚህ አምስቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአንድ ሥራ ከምድር ጦሩም ከባሕር ኃይሉም የተሸለሙ ስለሆኑ፣ ሁለት ሜዳሊያ ሁልጊዜ ሁለት ጀብዱ ማለት አይደለም። በ1918 የወጣው ሕግ ድግግሞሹን ገደበ። ከዚያ ወዲህ በምድር ጦሩ የነሐስ የኦክ ቅጠል ተጨማሪውን ሽልማት ያመለክታል፤ አንድ የብር ቅጠል አምስት የነሐስ ቅጠሎችን ይተካል። የባሕር ኃይሉ የወርቅ ኮከብ ይጠቀማል። ሶቪየት ኅብረት በተቃራኒው ለጀግናው ሁለተኛ የወርቅ ኮከብ ሰጥታ፣ በትውልድ ቦታው የነሐስ ሐውልት ታቆምለት ነበር።

ወደ አገራችን ልመለስ። ኦርድ ዊንጌት የላቀ አገልግሎት ኒሻን ከሁለት ባር ጋር ነበረው። ኒሻኑን በ1938 በፍልስጤም ስላደረገው ውጊያ፣ የመጀመሪያውን ባር በ1941 ጌዴዎን ኃይልን እየመራ በጎጃም ስለተዋጋበት ዘመቻ፣ ሁለተኛውን በ1943 ስለ በርማ ዘመቻው ተሸልሟል። በጥብጣቡ ላይ ይህ ሁሉ ሁለት ሮዜት ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የትኛው ጎጃም፣ የትኛው በርማ እንደሆነ ከፎቶግራፍ መለየት አይቻልም። በስሙ ላይ የሚከተለው አጭር መጠሪያም ቁጥሩን እንጂ አገሩን አይናገርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሮዜቱ የተሰጠው ለአንድ መኮንን ነው፤ በዚያ ዘመቻ የተሰለፉት የሱዳን ወታደሮችና የጎጃም አርበኞች በዚያ ቁራጭ ብር ላይ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ የማኅደር ሥራ የምትጀምሩ ተማሪዎች ጥብጣቡን እንደ ማውጫ ተጠቀሙበት። ምልክቶቹን ቁጠሩ፤ ቀጥሎ ሽልማቱ የታወጀበትን የለንደን ጋዜት እትም ፈልጉ፤ ከዚያ ዕለቱን ይዛችሁ ወደ ዘመቻው ሰነዶችና ወደ አርበኞቹ ማስታወሻ ተሻገሩ።