ትዝታ የማን ነው?

አባቴ ካረፈ በአርባኛው ቀን ማታ ዩቲዩብ ከፍቼ «ትዝታ» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን እየረገጠ ሁሌ የሚያንጎራጉራትን ዘፈን ልሰማት ፈልጌ ነው። የወጣልኝ ዝርዝር ግን ማለቂያ የለውም፦ የማሕሙድ አህመድ ትዝታ፣ የጌታቸው ካሳ ትዝታ፣ የበዛወርቅ አስፋው ትዝታ፣ የአስቴር አወቀ ትዝታ፣ ሌላም ሌላም። ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ሰማሁ። የአባቴ የለችም።

መጀመሪያ «አንዱ ዘፍኖት ሌሎቹ ደግመውት ይሆናል» ነበር ያልኩት። ዛሬ ሁለት ዘፋኝ አንድ ርዕስ ከተጠቀመ ኮሜንት ላይ «ሰረቀ፣ አልሰረቀም» ጸብ ይነሳል። ትዝታ ግን በዚህ አይዳኝም። ለምን መሰላችሁ?

ትዝታ የዘፈን ስም ብቻ ሳይሆን የቅኝትም ስም ነው። ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ አራቱም ስማቸውን የሚጋሩት ከዘፈን ጋር ነው። በትዝታ ቅኝት የተሠራ ዘፈን ሁሉ ግን «ትዝታ» አይባልም። «ትዝታ» ብሎ የሚዘፍን ሰው የታወቀውን የዜማ መንገድ ይይዝና ግጥሙን እሱ ይሞላዋል፤ ከሕዝብ የሰማውን ስንኝ፣ የራሱንም፣ አንዳንዴ ሁለቱንም ቀላቅሎ። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ሲባል እንደምናየው ነው። መንገዱ የጋራ ነው፣ እግሩ የየራስ።

ሸክላ ሲመጣ ይሄ ነገር መልክ ያዘ። ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 እገዳውን ጥሶ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ትዝታ በጊታርና በሳክስፎን ታጅቦ እየተቀረጸ ወጣ። ጌታቸው ካሳ በዝግታም በፍጥነትም ተጫወተው። ሙላቱ አስታጥቄ ጭራሽ ያለ ግጥም በመሣሪያ ብቻ ሠራው፤ አልበቃ ብሎትም «የግሌ ትዝታ» የሚል ሌላ ሥራ ጨመረ። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገብቶ ኢትዮጵያን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ጆሮ ደረሰ።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን ሌሊት ዘጋው። ብዙ ሰው ተሰደደ። አስቴር አወቀ ወደ አሜሪካ ከሄደች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1989 በስሟ ባወጣችው አልበም ውስጥ ትዝታም አለ። እዚህ አዲስ አበባ የፍቅር ዘፈን ሆኖ የሚሰማው፣ ዋሽንግተን ላለ ስደተኛ አገሩ ሆኖ ይሰማው ነበር ብዬ አስባለሁ። ርዕሱ ያው ነው፤ የጎደለው ነገር ግን ይለያያል።

በማግስቱ እናቴን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ አባዬ የሚያንጎራጉረው የማንን ትዝታ ነበር?»

ሳቀች። «የማንን ትላለህ እንዴ? የራሱን ነዋ! ቁጭ ብሎ ሲሰፋ እየገጠመ።»

ስንት ዓመት አጠገቡ ስቀመጥ ግጥሙ የእሱ መሆኑን አላወቅኩም። አንድም ቀን አልቀዳሁትም። በስልኬ ስንት የማይረባ ቪዲዮ ይዣለሁ፤ የአባቴን ድምፅ ግን የለኝም።

«ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት። አራት ስንኝ ታስታውሳለች። አንዱ ስለ እናቱ ነው፣ አንዱ ደግሞ ገንዘብ ሳይከፍል ስለጠፋ ደንበኛ። መቅጃውን ከፍቼ አጠገቧ አስቀመጥኩት። ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ትንሽ አፍራ፣ ጀመረች። ሁለተኛው ላይ ቃል ጠፋባትና የራሷን አስገባች።

ስትጨርስ ስልኩ የፋይሉን ስም ጠየቀኝ። «ትዝታ» ብዬ ጻፍኩ።