ውሃ፣ አሸዋና ሰዓት፦ የስዊዝ ቦይ መሻገር በመሐንዲሶች ዓይን



የጦርነት ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው በአዛዦች ስም ነው፤ ምሽግ የሚሰብሩት መሐንዲሶች ከግርጌ ማስታወሻ እምብዛም አያልፉም። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ግን የእነርሱ ሥራ ነው። የምሽግ ጥንካሬ የሚለካው ለተከላካዩ በሚያስገኝለት ሰዓት መሆኑን ለማሳየት፣ ግብፅ መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 1973) ሲናይን ለማስመለስ የከፈተችውን የማጥቃት ዘመቻ እንመልከት።

እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1967 ሲናይን ከያዘች በኋላ የቦዩን ምሥራቃዊ ዳርቻ በባርሌቭ የምሽግ መስመር አጠረችው። አጥቂው በመጀመሪያ 200 ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ውሃ መሻገር ነበረበት። ከውሃው ማዶ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 20 ሜትር የሚደርስ የአሸዋ ክምር ይጠብቀዋል። እግረኛ ወታደር በመሰላል ይወጣዋል፤ ታንክ ግን አይወጣውም። ክምሩ ካልተቀደደ በቀር የሚዘረጋው ድልድይ ሁሉ መውጫ የለውም። እስራኤላውያን ይህ ሥራ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ እስከዚያም ታንኮቻችን ይደርሳሉ ብለው አሰሉ። በመሆኑም በምሽጎቹ ውስጥ የነበሩት ወታደሮች 450 ያህል ብቻ ነበሩ።

የግብፅ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ሰዓድ ኤል ሻዝሊ እንደጻፉት፣ አንዱን መተላለፊያ ለመክፈት 1,500 ሜትር ኩብ አሸዋ መነሣት ነበረበት። በፈንጂና በቡልዶዘር ሲሞከር፣ 60 ሰዎች ተኩስ በሌለበት እንኳ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስድባቸው ነበር። መፍትሔው የመጣው ከግድብ ሥራ ነው። በአስዋን ግድብ ግንባታ የተሳተፈው መሐንዲስ መኮንን ባኪ ዛኪ ዩሴፍ፣ በዚያ አሸዋ በውሃ ግፊት ሲናድ አይቶ ስለነበር ያንኑ ዘዴ አቀረበ። ከብሪታንያና ከምዕራብ ጀርመን የተገዙት ፓምፖች የሥራውን ጊዜ በሙከራ ወደ 2 ሰዓት አወረዱት።

በዕለቱ እግረኛው በጀልባ ቀድሞ ተሻገረ፤ በፀረ ታንክ ሚሳይል የእስራኤልን ታንኮች እየመከተ ለመሐንዲሶቹ ፋታ ሰጠ። በሰሜን፣ በሁለተኛው ጦር ግንባር፣ ሥራው በታሰበው መሠረት ተከናወነ። በደቡብ ግን አፈሩ ሸክላነት ስለነበረው ውሃው ወደ ጭቃ ለወጠው፤ የሦስተኛው ጦር ታንኮችም ዘገዩ። ያው ፓምፕና ያው ሥልጠና ሌላ አፈር ላይ ሌላ ውጤት አስገኘ።

ከ9 ቀናት በኋላ ፈተናው ተገላበጠ። እስራኤል በመልሶ ማጥቃት ወደ ምዕራብ ለመሻገር ስትነሣ፣ 400 ቶን ያህል የሚመዝነው ተንከባላይ ድልድይዋ እየተጎተተ ሳለ ተሰበረ። የመጀመሪያዎቹ ታንኮች የተሻገሩት በተንሳፋፊ ማጓጓዣ ነበር።

እንግዲህ የአሸዋው ክምር እንደተሠራ ቆሞ ነበር፤ የወደቀው በላዩ የተመሠረተው ስሌት ነው። ተከላካዩ አንድ ቀን ሲጠብቅ የተሰጠው ጥቂት ሰዓት ሆነ። እነዚያ ሰዓታት በነጻ የተገኙ አልነበሩም። የመሐንዲስ ጦር መኮንኑ አሕመድ ሐምዲ ጦርነቱ በተጀመረ በ8ኛው ቀን ድልድይ በማስጠገን ላይ ሳሉ ወደቁ፤ ዛሬ በቦዩ ሥር የሚያልፈው ዋሻ በስማቸው ይጠራል። የዘመቻ ታሪክ ስትመረምሩ ከጦሩ ብዛት አስቀድማችሁ ሰዓቱንና አፈሩን ጠይቁ።